የመንገደኛው ቴሌቪዥን

በአሁኑ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ፣ የግንብ ቤታቸውን ለቀው፣ አልጋቸውንና ምድጃቸውን በአንዲት ዝግ መኪና ሆድ ውስጥ አደላድለው፣ ዛሬ ከባሕር ዳርቻ ነገ ከተራራ ግርጌ እያደሩ የሚኖሩ ሰዎች በርክተዋል። አንዳንዶቹ ወደውና መርጠው፣ ሌሎቹ ግን የቤት ኪራይ ከዐቅማቸው በላይ ሆኖባቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ውሃቸውንና ማገዶአቸውን ካሰናዱ በኋላ አጥብቀው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ ምሰሶና ጣራ የሌለው ሰው ዜናውንም ሆነ የእግር ኳሱን ግጥሚያ፣ ባለ ቤቱ በሚያይበት ሰዓትና ደቂቃ በቀጥታ ሊያይ የሚችለው እንዴት ነው? የሚል ነው። መልሱንም ከእጅ ስልክና ከኔትወርክ አግኝተውታል። አንዳንዶቹም ከመኪናቸው ጣራ ላይ ጠፍጣፋ መቀበያ ገጥመው፣ ዝቅ ብለው ከሚዞሩት አዳዲስ ሳተላይቶች ኔትወርክ ይቀዳሉ።

ይህን ጥያቄ የዛሬ ሰዎች አዲስ ግኝት አድርጎ የሚቈጥር ቢኖር፣ የአገራችንን የደቡብ ቆላ አላየም ማለት ነው። ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ፣ ከያቤሎ እስከ ዶሎ ባለው ሰፊ ምድር፣ ቤቱን ግመል ጭኖለት የሚጓዝ አርብቶ አደርና፣ ከመሪው በስተኋላ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ እያደረ ዓመቱን የሚጨርስ የጭነት መኪና ነጂ፣ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲጠይቁ ኖረዋል። የራዲዮና የቴሌቪዥን ታሪክ በአገራችን ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከማሠራጫው ወገን ነው፤ ጣቢያው በዚህ ዓመት ተመረቀ፣ ኀይሉ ይህን ያህል ኪሎዋት ደረሰ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ግን ነገሩን ከተቀባዩ ወገን፣ ያውም ተቀባዩ ባለ ቤት ሳይሆን መንገደኛ ሲሆን እንመልከተው። ያን ጊዜ ቴሌቪዥንን ከቆላው ሰው ለብዙ ዘመን ያራቀው የኪሎ ሜትሩ ርዝመት ብቻ እንዳልነበረ ይታያል። ቴሌቪዥን ሲፈጠር ጀምሮ ተቀባዩን ቤት አለው ብሎ የተነሣ መሣሪያ ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው ጎዳና 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የነገሌው መንገድ ደግሞ ከዚህ ጎዳና ይለያል፤ በክብረ መንግሥት አልፎ፣ ደኑ እየሳሳ ግራሩ እየበዛ ሲሄድ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ወዳለው የሊበን ሜዳ ይወርዳል። ነገሌ በቀድሞው አከፋፈል የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የቦረና አውራጃ ከተማ ነበረች። ቦረናዎች ከብታቸውን በሁለት ይከፍሉታል፤ የሚታለቡት ላሞች ከቤተ ሰቡ ጋር የሚቀሩበት «ወራ» ሲባል፣ የደረቁትና ጠንካሮቹ ከብቶች ከጐረምሶች ጋር ርቀው የሚሰማሩበት «ፎራ» ይባላል። ፎራ የወጣ ወጣት ለወራት የሚያድረው በሜዳ፣ በእሾህ አጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ቦረና የመገናኛ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለት ዐይነት ሰሚ እንዳለ ማወቅ አለበት፤ አንዱ ጐጆ ያለው፣ ሌላው ጐጆም የሌለው ነው።

ይህ ሕዝብ ከራዲዮ በፊት ዜና አላጣም። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ሰላምታው ረዥም ነው፤ የሰው ሰላም፣ የከብት ሰላም፣ የሣሩና የዝናቡ ነገር ተራ በተራ ይጠየቃል፤ ይህም ለወጉ ያህል ብቻ የሚደረግ አይደለም። የትኛው ኩሬ እንደ ደረቀ፣ የትኛው መንደር በሽታ እንደ ገባበት የሚታወቀው በዚህ ጥያቄና መልስ ነው። «ቱላ» በሚባሉት ዘጠኝ የጥልቅ ውሃ ጕድጓዶች ዘንድ ደግሞ፣ ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ በዜማ ሲያወጡ፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ወሬ አብሮ ይቀዳል። የዚህ ዜና አንዱ ባሕርይ፣ ነገሩ እንደምንደርስበት ለኋለኛው ዘመን ሁሉ መለኪያ የሚሆን ነው፤ ሰሚው መልሶ ይናገራል።

የአገራችን ራዲዮ ጣቢያ በአቃቂ የተመረቀው በ1927 ዓ.ም. ነበር። ጣቢያውን የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ መሆኑን ስናስብ፣ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዴት እንደሚሣለቅ እናያለን፤ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ኢጣልያ ልትወርር መዘጋጀቷን ለአሜሪካ ሕዝብ የተናገሩት በዚሁ ጣቢያ ነበርና። ድምፁ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲሰማ፣ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር በደቡብ ግንባር ለተሰለፈው ተራ ወታደር ግን የሚያዳምጥበት መሣሪያ አልነበረውም። ጄኔራል ግራዚያኒ ከዶሎ ተነሥቶ የገሠገሠው ከአሜሪካ ሳይቀር በተገዙ የጭነት መኪናዎች ነበር። በጥር 1928 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ነገሌ ተያዘች፤ ግራዚያኒም በከተማይቱ ስም «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ነጂዎቻችን «ማርሽ»፣ «ፍሬን»፣ «ካቢና» እያሉ በኢጣልያኖቹ ቃል መናገራቸው ቀረ እንጂ ማዕረጉስ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል ብንል፣ ቃሉ ገና ስላልቀረ ውሸት ይሆንብናል፤ ቃሉ እስከ ዛሬ አለ።

ከነጻነት በኋላ ራዲዮ እንደ ገና ሲቋቋም የከተማ ዕቃ ነበር። ትልቅ፣ በእንጨት ሣጥን የተሠራ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ ወይም ከከባድ ባትሪ ጋር የታሠረ፣ ከሹም ቤትና ከነጋዴ ሱቅ የማይወጣ ነበር። መንገደኛውን ነጻ ያወጣው በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ነው። በ1947 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኪስ ራዲዮ ለገበያ ከወጣ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ይህ ዕቃ በአፍሪካ ገበያዎች ሁሉ ተበተነ። በውጭ አገር ራዲዮን ከመኪና ጋር ማጋባት ቀደም ብሎ፣ በ1922 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ «ሞቶሮላ» የሚለው ስም ራሱ ሞተርን ያነሣል። በእኛ አገር ግን ለነጂውም ሆነ ለእረኛው ቁም ነገር የሆነው በትከሻ የምትንጠለጠለዋ ትራንዚስተር ነበረች። «ኤን ትሬ» በሚባለው በፊያት መኪና ካቢና ውስጥ ከመስተዋቱ ሥር፣ በፎራው ደግሞ ከጦሩ ጋር ከግራር ቅርንጫፍ ላይ ትሰቀል ነበር።

ነገሩ የተሣካው ስለ ማዕበሉ ጠባይ ጭምር ነው። አጭር ሞገድ የሚባለው የራዲዮ ማዕበል ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ክፍል ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ተራራ ሳያግደው ሺሕ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የቴሌቪዥን ማዕበል ግን እንደ ዐይን ነው፤ የማያየውን አይደርስበትም። እንግዲህ የቆላው ሰው ከአዲስ አበባ፣ ከሞቃዲሾ፣ ከናይሮቢና ከለንደን ድምፅ እየሰማ፣ ከአዲስ አበባ ሥዕል ሳያይ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብጽን፣ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ በጆሮ የታዩ ጀግኖች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ «የምሥራች ድምፅ» የተባለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ጣቢያ በአዲስ አበባ ተከፍቶ፣ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ፣ መንግሥት እስኪወርሰው፣ በአጭር ሞገድ ወደ ሩቅ አገሮች ያሰማ ነበር።

ነገር ግን ድምፅ መድረሱና መሰማቱ አንድ አይደለም። በዘውዱ ዘመን ከአዲስ አበባ የሚተላለፈው ብሔራዊ ራዲዮ የቦረናውን እረኛ በቋንቋው አያናግረውም ነበር። በኦሮምኛ የሚያናግረው በ1950ዎቹ ከሞቃዲሾ የሚመጣው ድምፅ ነበር፤ ኋላም በቦረንኛ ከኬንያ ራዲዮ ሰምቷል። የሞቃዲሾው ድምፅ ያለ ዓላማ አልተናገረም፤ የሶማልያ መንግሥት ይህን ምድር የእኔ ነው የሚልበት ጊዜ ነበርና። ሰው በቋንቋው ለሚያናግረው ጆሮውን መስጠቱ አያስነቅፈውም፤ ይልቁንም ይህን ያህል ዘመን ማይክሮፎኑን ለጎረቤት መተው የአስተዳዳሪዎችን አርቆ አለማየት ያሳያል። በራዲዮኑ ኦሮምኛ መነገር የጀመረው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 34ኛ ዓመት በዓል ዕለት፣ በእንግሊዙ የቶምሰን ኩባንያ ረዳትነት ሥራውን ጀመረ፤ ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ በምሽት ለጥቂት ሰዓቶች ነበር፤ ከዋና ከተማዋና ከአካባቢዋም ብዙ አልራቀም። የዚህ ዕቃ ጠባይ ከትራንዚስተር ፈጽሞ ይለያል። ተመልካቹ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ፣ የሚያስደግፍበት ግድግዳ፣ አንቴና የሚተክልበት ጣራ፣ ምሽቱን የሚቀመጥበት ወንበር ሊኖረው ይገባል። ኋላ የመጣው ዓመታዊ የቴሌቪዥን ግብርም ባለ ቤቱን በአድራሻው ፈልጎ የሚያገኝ ነበር። በዚያ ዘመን ለገጠር ሰው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይዞ የሚሄደው ፕሮዤክተርና ሸራ የጫነው የሲኒማ መኪና ነበር፤ ይህን ሥራ የአሜሪካ የማስታወቂያ አገልግሎትም ይሠራው ነበር። በገበያ ሜዳ ሸራው ተዘርግቶ ሞተሩ ሲነሣ የሚታየው ሥዕል ግን የቈየ ነው፤ ቀጥታ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ያም ሆኖ ሲኒማው በመኪና የመጣው ወደ ሰፈረ ሕዝብ ነበር፤ ዛሬ መኪናው ራሱ ተመልካች ሆኗል።

አሁን ነገሌ በዓለም ወሬ ውስጥ ወደ ገባችበት ዓመት እንምጣ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች ዐመፁ። ምክንያቱ ከፖለቲካ መጽሐፍ የወጣ አልነበረም፤ የውሃ ጉዳይ ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጕድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው፤ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ጃንሆይ ጉዳዩን እንዲያይ የላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌፍተናንት ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዙትና፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበላ፣ እነርሱ የሚጠጡትን እንዲጠጣ አደረጉት። በነገሌ ቆላ ውሃ ማለት ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ቅጣት ሳይሆን ማስረጃ ማቅረብ ነበር።

የአዲስ አበባ ጋዜጦችና ራዲዮ ስለዚህ ነገር አልተነፈሱም። ወሬው ግን በጦሩ የመገናኛ ራዲዮ ከሰፈር ወደ ሰፈር ተላለፈ፤ የሬዲዮ ሠራተኛው ለባልደረባው፣ ባልደረባውም ለሌላው ነገረ። በየካቲት በደብረ ዘይት የአየር ኀይል ሰዎች፣ ቀጥሎም በአስመራ 2ኛው ክፍለ ጦር ተነሡ፤ የአስመራዎቹ የከተማውን ራዲዮ ጣቢያ ይዘው ጥያቄአቸውን በይፋ አሰሙ፤ የጸሓፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ወረደ። አብዮቱ ከነገሌ ብቻ ተወለደ ማለት ማጋነን ነው፤ የነዳጅ ዋጋ፣ የመምህራን አድማ፣ የወሎ ረኀብ ሁሉም የየበኩላቸውን አድርገዋል። እኛን የሚመለከተን የመሣሪያው ነገር ነው። የአቃቂውን ጣቢያ የመሰለ መሣሪያ አንዱን አናግሮ ብዙውን ያስደምጣል፤ የነገሌው ወታደር ራዲዮ ግን እንደ ቱላው ጕድጓድ ወሬ ነበር፣ የሰማ ይመልሳል። ያ መሣሪያ ደግሞ ቤት አይፈልግም፤ በጀርባ የሚታዘል፣ በመኪና የሚጫን ነው።

ቴሌቪዥን የዚያኑ ዓመት ታሪክ በሌላኛው ጫፍ ዘጋው። በ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ዕለት ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው በፊት በነበረችው ሌሊት፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረኀብ ያነሣው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ተመልካቹ ግን የአዲስ አበባ ባለ ቴሌቪዥን ነበር። ነገሩን በውሃ ጥማት የጀመረችው ነገሌ መጨረሻውን በራዲዮ ሰማች።

በደርግ ዘመን ቴሌቪዥኑ በተራሮች ጫፍ በተተከሉ ማስተላለፊያዎች ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጣ ሄደ፤ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በ10ኛው የአብዮት በዓል፣ ቀለም ለበሰ። በቀበሌ አዳራሽ የተቀመጠው አንድ ቴሌቪዥን ለብዙ ሕፃናት የመጀመሪያው መስኮት ሆነ። ይህንን ዘመን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ የሰፈረውን ሰው ተመልካች አደረገ እንጂ የመንገደኛውን ነገር አልለወጠም።

የለወጠ የመሰለው ዲሹ ነበር። ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ለእኛ እንደ ቆመ ይታየናል። ከዚያ የሚወርደው ማዕበል ከተማና በረሓ አይለይም፤ በዶሎም በአዲስ አበባም ሩብ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ወርዶ ይገኛል። እንግዲህ ርቀት የሚባለው ነገር ተሸነፈ። ነገር ግን የብረቱ ሳሕን ሳተላይቱን በትክክል ማየት አለበት፤ በጣት ስፋት ከተዛነፈ ሥዕሉ ይጠፋል። ነፋስ ያነቃነቀውን ዲሽ ለማስተካከል አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ሌላው ከውስጥ «መጣ! ሄደ!» እያለ ሲጮኽ ያላየ የአገራችን ሰው የለም። ለሚንቀሳቀስ መኪናማ ከቶ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ዲሹም ውሎ አድሮ ባለ ቤቱን መረጠ፤ ነጂውና እረኛው ቴሌቪዥን ለማየት ወደ ከተማ ቡና ቤት መምጣት ነበረባቸው። በሞያሌ ጎዳና ያሉ ከተሞች የማደሪያ ሰዓት በግጥሚያ ሰዓት መወሰን የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ግቦች ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ መንገደኛው ሥዕሉን ያየው በሰው ቤት ሆኖ ነው።

ለመምህራን አንባብያን ስለ «ፕላዝማ» ሳልናገር አላልፍም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚተላለፍ የቀጥታ ትምህርት ተዘረጋ። በአንዲት ደቂቃ፣ በመላ አገሪቱ፣ አንድ ትምህርት! ለቆላ ትምህርት ቤቶች የላቦራቶሪ ዕቃና የሠለጠነ መምህር በሌለበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ የሚያመሰግኑት ሰዎች እውነት አላቸው። ይሁንና ቀጥታ ሥርጭት አይጠብቅም። መብራት ቢጠፋ ክፍለ ጊዜው ያልፋል፤ ተማሪው እጁን ቢያነሣ ስክሪኑ አያየውም፤ በእንግሊዝኛ የሚፈሰውን ቃል መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም። በድርቅ ጊዜ ከብት ተከትሎ ሁለት ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ ትምህርቱ ያለ እርሱ ሄዷል። የነገሌው ተማሪና የአዲስ አበባው ተማሪ አንድ ሥዕል በአንድ ሰከንድ አይተው እኩል ሆኑ የሚለው አሳብ፣ ልጁ ሁልጊዜ በወንበሩ ላይ አለ ከሚለው ሌላ አሳብ ጋር ተያይዞ የቆመ ነበር።

የእጅ ስልክ በኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲገባ ለመነጋገሪያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ኔትወርኩ እየሰፋ መጥቶ ሥዕል የሚሸከም ሆነ። ይህ ዕቃ ከትራንዚስተር ወዲህ ምሰሶ ሳይጠይቅ ወደ ቆላ የወረደ የመጀመሪያው ተቀባይ ነው። በፀሐይ ኀይል ወይም በመኪና ባትሪ ይሞላል፤ ከአይሱዙው መስተዋት ሥር ይለጠፋል፤ በእረኛው ደረት ኪስ ይገባል። ነጂው በዱብሉቅ ወይም በሜጋ ጥግ ይዞ ካቆመ በኋላ፣ ረዳቱ ሻይ ሲያፈላ፣ እርሱ በካቢናው አልጋ ተጋድሞ የቀጥታ ሥርጭት ያያል። የአውሮፓው ባለ ዝግ መኪና የሚያደርገውም ከዚህ አይለይም፤ የሚለየው የኛው ነጂ መኪናውን የሚያድርበት ለመዝናናት አለመሆኑ ነው።

ነገር ግን አንድ ስም የያዙ ሁለት ነገሮችን እንዳናምታታ መጠንቀቅ ይገባል። ማሠራጨት ማለት እንደ ዝናብ ነው፤ አንዱ ያንጠባጥባል፣ ሺሕም ሆነ ሚሊዮን ሰው ኰዳውን ቢያቀርብ የሰማዩ ውሃ አያንስም፤ ተጨማሪ ሰሚ ተጨማሪ ወጪ አያመጣም። ኔትወርክ ግን እንደ ጕድጓድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ቅጂ ተቀድቶ ይላክለታል። አንድ ሰዓት ሥዕል ለማየት በመካከለኛ ጥራት ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይፈጃል፤ ሙሉ ግጥሚያ ከነዕረፍቱ አንድ ጊጋባይት ነው፤ የሚከፍለውም ተመልካቹ ነው። በገበያ ቀን ሰው ሲበዛ አንዱ የአንቴና ማማ ለሁሉ መቅዳት ተስኖት ሥዕሉ መሽከርከር ይጀምራል። ቀጥታ የተባለውም ሥዕል በኔትወርክ ሲመጣ ተቈራርጦና ተጠባብቆ ስለ ሆነ፣ ሠላሳ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይዘገያል። ከቡና ቤቱ ዲሽ ዘንድ «ጎል!» ተብሎ ሲጮኽ፣ በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ኳሷን ገና በመሃል ሜዳ ያያታል። ነጂዎች በዚህ ይሣሣቃሉ፤ አንዳንዱም ድምፁን እንዳይሰማ መስኮቱን ይዘጋል።

ከዚህ የከበደም ልዩነት አለ። ጕድጓድ ክዳን አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሁሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ዲሽ ያለው ባለ ቤት ማየቱን ቀጠለ፤ ትራንዚስተሩን ያልጣለ ሽማግሌም መስማቱን አላቋረጠም። በስልኩ ብቻ ዓለምን ያይ የነበረው መንገደኛ ግን ጨለመበት። ስልኩ እንደ ዝናቡም ባይሆን አንድ ዋጋ አለው፤ የሰማው መልሶ ይናገርበታል። በዚህ ረገድ የእጅ ስልክ ዘመዱ የአቃቂው ጣቢያ ሳይሆን የ1966ቱ የወታደሮች ራዲዮ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። በዚያ አገር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ በበልግ ወራት «ገና» ይሉታል (የልደትን በዓል አይደለም)፣ በመጸው ደግሞ «ሐጋያ»። እነዚህ ዝናቦች አምስት ጊዜ በተከታታይ ቀሩ፤ የከብቱ እልቂት በሚሊዮን የሚቈጠር ሆነ፤ ባለ ብዙ መንጋ የነበረ ሰው በመጠለያ ድንኳን ቁጭ አለ። በዚያን ጊዜ ከቆላው የወጣው ሥዕል ብዙው የተነሣው በእጅ ስልክ ነበር፤ የወደቀውን ከብት ባለቤቱ ራሱ አንሥቶ ልኮታል። የ1966ቱን የወሎ ረኀብ ለዓለም ለማሳየት ግን የባሕር ማዶ ጋዜጠኛ ካሜራ መምጣት ነበረበት። ይህን ልዩነት ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ የተደበቀ ረኀብና የታየ ረኀብ ስንት ነፍስ እንደሚለያያቸው ቢያስብ መልካም ነው።

ሥዕል ከቆላ ወደ ደጋ የወጣው በመከራ ጊዜ ብቻም አይደለም። የገዳ ሥርዐት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በዚያው ዓመት 71ኛው የቦረና አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣን ተረከቡ። በየስምንት ዓመቱ በአሬሮ ምድር የሚደረገውን ይህን ርክክብ ቀድሞ ለማየት የግድ በእግር ወይም በግመል መሄድ ያስፈልግ ነበር። ካሜራው ወደ ሥፍራው ከሄደ ወዲህ ግን የአዲስ አበባው ሰው በተራው ሩቅ ተመልካች ሆነ። በቦታው ያሉት ሽማግሎች ምን እንዳሉ በትክክል የሚገባው በኦሮምኛ ያደገ ሰው ሲሆን፣ ሌላው እንደ ቀድሞው ዘመን የቦረና እረኛ፣ ድምፁን እየሰማ ቃሉን ይስታል።

ኤሌክትሪክም ቢሆን ከዚሁ ምድር መመንጨት ጀምሯል፤ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ ሦስተኛው ግድብ 254 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ኀይሉ በትልልቅ ገመድ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ በአካባቢው ግን ከከተማ ወጣ ያለው መንደር ስልኩን የሚሞላው አሁንም በፀሐይ ወይም ወደ ከተማ ልኮ፣ ለአንድ ሙሌት ጥቂት ብር ከፍሎ ነው። በነገሌ ገበያ ቀን፣ ከሻጭና ከገዢ ግመል ጎን፣ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ሃያ ስልክ በሃያ ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ባለቤቶቹ ፎራ ናቸው።

መንገዱን ወደ ደቡብ ጨርሰን ሞያሌ ስንደርስ፣ ከተማይቱ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ከድንበሩ ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ከወዲያ ኬንያ። ማዕበል ድንበር ስለማያውቅ የሁለቱም አገር ማማዎች በአንድ ሰማይ ይሰማሉ። ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ የመጣ ነጂ ሁለት ሲም ካርድ መያዙ የተለመደ ነው። ግጥሚያው በመካከል ሲቋረጥበት፣ የኬንያውን ከወረቀቱ ፈትቶ ይከታል፤ ያም እንቢ ካለው፣ መኪናውን ቈልፎ፣ ነጠላውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ዲሽ ወዳለበት ቡና ቤት ይሄዳል።